ሁለት ቋጠሮ ያለው ጠርሙስ

«ብቻዬን ነው የሠራሁት» አለ ኦሪኤል የጂፑን ኮፈኖ በመዳፉ ቸብ ቸብ እያደረገ። «ከጎማው እስከ ጣራው ብቻዬን። አንድ ሰው አልረዳኝም።»

ሊታል ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ቆማ ነበር። ጥፍሯ ውስጥ የገባው ጥቁር ቅባት በስንት ሳሙና አልለቅ ብሏል፤ ክርኗን የቧጨራት የዛገ ብረት የተወው ቁስል ገና ቅርፊቱን አልጣለም። አንድ ሰው አልረዳኝም! ታዲያ አራት ወር ሙሉ ከትምህርት ቤት እየመጣች፣ ቦርሳዋን እየወረወረች፣ ከዚያ አሮጌ ብረት ሥር በጀርባዋ የተንፏቀቀችው ማን ናት? ካርቡራቶሩን ፈታታ በጥርስ ብሩሽ ያጠበችውስ? ኦሪኤል ከፍሬኑ ቱቦ አየር ሲያስወጣ ላይ ተቀምጣ ፔዳል ስትረግጥ የዋለችው የጎረቤት ልጅ ነበረች?

ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ቤኒ ጂፑን ዞሮ አየና አፏጨ። «ኮል ሃካቮድ፣ ኦሪኤል! እውነትም ወንድ ነህ።» ከዚያ ወደ ሊታል ዞረ። «አንቺስ? ውሃ ታቀብዪው ነበር?»

ኦሪኤል ሳቀ። የቤኒን ነገር ትታ ልትውጠው ትችል ነበር፤ ያቃጠላት የወንድሟ ሳቅ ነው።

ጂፑ ከኦሪኤልም ዕድሜ ይበልጣል። በደህናው ጊዜ የወታደር ነበር፤ ከኋላው ክፍት የጭነት ሳጥን አለው፣ ጭቃም አሸዋም አይመልሰውም። ኦሪኤል ሞቶ የቆመውን በተጎታች አስጭኖ ሲያመጣው የሰፈራቸው የአሚሻቭ ሰው በየበረንዳው ወጥቶ ስቆበታል። ሰኞ ዕለት ግን ያ የተሳቀበት ብረት ዓመታዊ ምርመራውን አልፎ በራሱ ጎማ እየሄደ ግቢ ገባ። ዛሬ ዓርብ ነው። ኦሪኤል እሑድ ሚሉኢም፣ የተጠባባቂ ጦር አገልግሎት፣ ይገባል፤ ጦሩ ከጠራው መቼ እንደሚለቀው የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ዛሬውኑ አያታቸውን ይዞ ሰሜን ወዳለችው ጽፋት ከተማ ሊወጣ ነው። የአያታቸው እህት ፋንትነሽ እዚያ አልጋ ላይ ከዋሉ ዓመት አልፏቸዋል፤ «ሳልሞት እህቴን አሳዩኝ» እያሉ በየሳምንቱ ይደውላሉ። የጂፑ ወንበር ደግሞ ሁለት ብቻ ነው። ለሊታል ቦታ የለም፤ ቦታ ይኑራት ብሎ ያሰበም የለም።

«እሺ» አለች በሆዷ፣ «አሳይሃለሁ።»

ኦሪኤል ሻንጣ ሊያወርድ ወደ ላይ ሲወጣ ኮፈኖውን ከፈተች። መንገድ የሚወጣ ሰው ውሃውን፣ ዘይቱን ያያል፤ እሱ ግን ለቤኒ ሲያወራ ረስቶታል። የራዲያተሩን ውሃ አየች፤ ሙሉ ነው። የሞተሩን ዘይት በዘንጉ ለካች፤ ልክ ነው። የፍሬኑን ዘይት ማጠራቀሚያ ክዳን ፈታች። ያን ጊዜ እጇ ቆመ።

ከክዳኑ ሥር ያለው ጥቁር ጎማ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያደረ ባቄላ መስሏል። ረቡዕ ዕለት ስትከፍተው ቀጭንና ልሙጥ ነበር። አሁን አብጦ፣ ተጣጥፎ፣ ልስልስ ብሎ ጣቷ ላይ ተዝለፈለፈ። መልሳ ልትከተው ሞከረች፤ ከቦታው ሰፍቶ አልገባ አለ። ወደ ውስጥ ስታይ ደግሞ ፈሳሹ ሁለት ሆኗል፤ ከሥር አንድ፣ ከላይ የተንሳፈፈ ሌላ፣ እንደ ሾርባ ስብ።

ረቡዕ። ሊታል ክው አለች።

ረቡዕ ዕለት ኦሪኤል ሥራ ላይ ነበር። ማጠራቀሚያውን ስታየው ከመስመሩ ትንሽ ጎድሎ አገኘችው። አንድ ነገር፣ አንድ ነገር እንኳ ማንም ሳያዛት በራሷ ልትሠራ ፈለገች። ምድር ቤት ወዳለው ሚክላት ወረደች፤ ሳይረን ሲጮህ ሰው ይሸሸግበታል፣ ሳይጮህ የሁሉም ሰው ዕቃ ማጎሪያ ነው። የኦሪኤል መደርደሪያ ላይ «የፍሬን ፈሳሽ» የሚል በዕብራይስጥ የተጻፈበት ጠርሙስ አገኘች። አንገቱ ላይ ጥቁር ብጣሽ ጨርቅ ሁለቴ ተቋጥሮበታል። አስታወሰች፤ ጨርቁን አይታ ስቃለች። ስቃ፣ ጽሑፉን አንብባ፣ አፈሰሰችው።

ኮፈኖውን ሳትዘጋ ወደ ሚክላቱ ሮጠች። ጠርሙሱ እንደ ተወችው አለ። ክዳኑን ከፍታ አሸተተች፤ ጣቷ ላይ ጠብ አድርጋ አሻሸች። የፍሬን ዘይት እንዲህ አይወፍርም፣ እንዲህም አይሸትም። ይኼ የሞተር ዘይት ነው።

ስልኳን አውጥታ የሞተር ዘይት ፍሬን ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚሆን ጠየቀች። መልሱን ሁለቴ አነበበችው። በፍሬኑ ውስጥ ያሉት ጎማዎች ሁሉ ያብጣሉ። ፍሬኑ መጀመሪያ ደህና ሊመስል ይችላል። ከዚያ ይዞ አልለቅም ይላል፤ ወይም ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጥና ጨርሶ ይጠፋል። ጽፋት ደግሞ ተራራ ላይ ናት። ዓምና በአውቶቡስ ስትሄድ በመስኮት ወደ ታች አይታ ዓይኗን የጨፈነችበት ያ መጠማዘዣ ትዝ አላት። አያቷ እምዬ ሹሜ ወንበር ላይ ሲቀመጡ እግራቸው ወለል አይነካም።

እናቷ ጋ ደወለች። እናቷ ሸጋ፣ ጋኔይ ቲክቫ በሚባል ከተማ አንዲት አሮጊት ያስታምማሉ፤ ዓርብ ጠዋት ገላ የሚያጥቡበት ሰዓት ነው። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ።

አያቷ ከደረጃው ሥር ካለው የድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። የጉዞ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እንዲሁ ናቸው።

«እምዬ» አለች ሊታል ድምፅዋን ለማስተካከል እየታገለች፣ «ያ ሚክላት ውስጥ ያለው ጠርሙስ... ጥቁር ጨርቅ የታሰረበት... ሁለት ቋጠሮ ሲሆን ምን ማለት ነው?»

እምዬ ሹሜ ቀስ ብለው ቀና አሉ። «ዛሬ ነው የምትጠይቂኝ?»

«ስታም፣ እንዲሁ ነው።»

«ስታምሽን ለጓደኞችሽ» አሉ።

የቆየ ቂም አለባቸው፤ የሚቀየሙበትም አላጡም። ሹሜ ፊደል አይለዩም፣ የአማርኛውንም የዕብራይስጡንም። ከጎንደር እንደመጡ ኢንዱስትሪ ሰፈር አንድ ጋራዥ ተቀጥረው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቅባት ፍቀዋል። አንድ ቀን የወለል ማጽጃ መስሏቸው የባትሪ አሲድ ባልዲ ውስጥ ሊገለብጡ ሲሉ አንድ ሠራተኛ ጮኾ ነው ያዳናቸው። ከዚያ ወዲህ የሚነኩት ጠርሙስ ሁሉ አንገቱ ላይ ቋጠሮ አለው። የቤቱም ሳሙና፣ ኮምጣጤ፣ በረኪና ሁሉ እንደዚያ ነበር። ታዲያ ባለፈው ክረምት የሊታል ጓደኛ ኦሻራት ከሃዳር ጋኒም ሰፈር መጥታ፣ «ሳሙናችሁን ብርድ መትቶታል እንዴ? ሻርፕ ለብሷል!» ብላ ሳቀች። ኦሻራት በወጣች በደቂቃው ሊታል መቀስ አንሥታ ሁሉንም ቆራረጠችው። አያቷ ብጣሹን ከቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አገኙት። ለቅመው ይዘውት ወደ ሚክላት ወረዱ።

«አንድ ቋጠሮ ከሆነ ውስጡ ያለው የጠርሙሱ የራሱ ነው» አሉ አሁን። «ሁለት ከሆነ ሌላ ተገልብጦበታል፤ ሳትጠይቂ አትንኪ ነው። ወንድምሽ የሞተር ዘይት ተርፎት ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ሲያንቆረቁር አየሁት። ምንድን ነው አልኩት፣ ነገረኝ፣ አሰርኩ። እኔ የማላውቀውን እጠይቃለሁ። እናንተ ማንበብ ስለምትችሉ አትጠይቁም።» አተኩረው አዩዋት። «ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ይኼ የምንም ፊት አይደለም።»

ሊታል ወደ ጂፑ ሸሸች።

ኮፈኖው ሥር ተመልሳ ያንን ያበጠ ጎማ እንደምንም በጣቷ ጠቅጥቃ ክዳኑን አጠበቀችውና ኮፈኖውን ዘጋች። ለምን እንዳደረገችው ራሷም አታውቅም። ብትናገርስ? ባለፈው ወር አንድ ብሎን አጣማ አስገብታ ጥርሱን ስትጨርሰው ኦሪኤል፣ «ሁለተኛ ጣትሽን እዚህ እንዳላይ!» ብሎ ሁለት ሳምንት አባሯት ነበር። ለብሎን! ዛሬ ደግሞ የጂፑን ፍሬን በሙሉ አበላሽታለች፤ ውስጡ ያለው እያንዳንዱ የፍሬን ጎማ ተፈትቶ መቀየር አለበት፤ የሳምንታት ሥራ ነው። ጽፋት ቀረ። ፋንትነሽ እስከዚያ ባይቆዩስ? ቤኒ ደግሞ በረንዳው ላይ ሆኖ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራዋል። ባትናገርስ? ባትናገርስ የሚለውን ጥያቄ ሆዷ አልጨርሰው አለ፤ እዚያ መጠማዘዣ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

እንግዲህ ፈሪ ሰው የሚያደርገውን አደረገች። ግማሽ ጠርሙስ ውሃ አምጥታ ከራዲያተሩ ሥር አስፋልቱ ላይ አፈሰሰችና ጮኸች።

«ኦሪኤል! ራዲያተሩ ያፈሳል! ዛሬ መሄድ አትችሉም!»

ኦሪኤል ሻንጣውን ኋላ ጥሎ መጣ። ጎንበስ ብሎ ጣቱን ውሃው ውስጥ ነከረ፤ አየው፣ አሸተተው። «የራዲያተሩ ውሃ አረንጓዴ ነው» አለ። «እኔ ራሴ ነኝ የሞላሁት። ይኼ የቧንቧ ውሃ ነው።» ቀና ብሎ በእጇ የያዘችውን ባዶ ጠርሙስ አየ። «ሊታል፣ ምን ሆነሻል? ስላልወሰድኩሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ሕፃን አትሁኚ። ያላ፣ እምዬ፣ እንሂድ! ሰንበት ሳይገባ መድረስ አለብን።»

እምዬ ሹሜ በእርጋታ መጡ። ቤኒ ክንዳቸውን ደግፎ አወጣቸው፤ ኦሪኤል ቀበቷቸውን አሰረላቸው። እግራቸው አየር ላይ ተንጠለጠለ። ኦሪኤል ተሳፍሮ ሞተሩን አስነሣ። ጂፑ ተንቀጠቀጠ።

«እኔ ነኝ!» አለች። ከአፏ ሲወጣ ሰማችው እንጂ ልትለው አልቆረጠችም ነበር። «ኦሪኤል፣ እኔ ነኝ። ረቡዕ ዕለት የፍሬኑ ዘይት ላይ የሞተር ዘይት ጨመርኩበት። የክዳኑ ጎማ አብጧል። ፍሬኑ ይጠፋል!»

ኦሪኤል ለአፍታ አያትና ሳቁ አመለጠው። «አንቺ? የማጠራቀሚያው ክዳን የት እንዳለ እንኳን የምታውቂ አይመስለኝም።»

«አውቃለሁ! አራት ወር አብሬህ ሠርቻለሁ!»

«መጀመሪያ ራዲያተር፣ አሁን ፍሬን» አለ ቤኒ ከዳር። «ቀጥሎ ጣራው ሊወድቅ ነው።»

ለካስ ሰው ለሠራው ጥፋትም አይታመንም። ሠራሁ ስትል አልሠራሽም፤ አጠፋሁ ስትል አላጠፋሽም።

«ዳይ፣ በቃ። ተመልከቺ» አለ ኦሪኤል። ጂፑን ወደፊት ለቀቀውና አሥር እርምጃ ያህል እንደሄደ ፍሬኑን ረገጠ። ጂፑ ቀጥ ብሎ ቆመ። «አየሽ? በሰደር! ከአዲስ መኪና ይበልጣል።»

ማርሽ አስገብቶ ነዳጅ ሰጠ። ጂፑ አልተነቃነቀም። ሞተሩ አጓራ፤ ጎማዎቹ ግን አንድ ነገር ጥርሱን ነክሶ እንደያዛቸው ቆሙ። ኦሪኤል የእጅ ፍሬኑን አየ፤ ወርዷል። ደግሞ ነዳጅ ጨመረ። ከሥር ጓ የሚል ድምፅ ተሰማና ጂፑ በድንገት ተስፈንጥሮ ቆመ።

«ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው» አለ ኦሪኤል። ድምፁ ግን አሁን ዝቅ ብሏል። ቤኒም አልቀለደም።

ከግቢው መውጫ ጀምሮ አጭር ቁልቁለት አለ። ከቁልቁለቱ ሥር የአውቶቡስ ፌርማታ፤ የዓርብ ገበያቸውን የያዙ ሰዎች፣ ጋሪ የምትገፋ ሴት፣ ሁለት ወታደሮች ቆመዋል። ሊታል ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ አየችው። ከዚያ ሮጣ በአያቷ በኩል ያለውን በር ከፈተች።

«እምዬ፣ ይውረዱ።»

ለአያቷ እንዲህ ብላ አታውቅም። ልጅ ትልቅ ሰው ይለምናል እንጂ አያዝም፤ በዚያ ቤት እንዲህ ነው። እምዬ ሹሜም ቅንድባቸው ወደ ላይ ሄደ።

«ምን አልሽኝ?»

«ይውረዱ። ያ ሁለት ቋጠሮ ያለው ጠርሙስ...» ትከሻዋን አስጠጋችላቸው። «እኔ ነኝ ያፈሰስኩት። ቋጠሮውን አይቼዋለሁ። አይቼው ሳቅኩበት። ሳቅኩና አፈሰስኩት።»

አያቷ ፊቷን አዩ። ከእነዚያ ዓይኖች ውስጥ ምን እንደሚወጣ ሊታል አታውቅም፤ የሳቅ ነገር ለእምዬ ሹሜ ከዘይት ነገር ይከፋል።

«ስንት አፈሰስሽ?» አሉ።

«አንድ የሻይ ብርጭቆ የሚሞላ።»

«መቼ?»

«ረቡዕ።»

«ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠጣው ከርሟል!» አሉና በራሳቸው ጣት ቀበቷቸውን ፈቱ። ትከሻዋን ይዘው ወረዱ። አስፋልቱን ሲረግጡ ወደ ኦሪኤል ዞሩ። «አንተ! የእኔ ነፍስ ትርፍ ናት እንበል፤ እህቴ ግን ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ። ሬሳዬን ልትወስድላት ነው?»

«እምዬ፣ እሷ ቀንታ ነው! ነገም እሑድም የለኝም፤ ካልሄድን ዛሬ...»

«አውቶቡስ አለ» አሉ እምዬ ሹሜ። «አሁን ብነሣ ሰንበት ሳይገባ እደርሳለሁ። አንተ ቀርተህ ትፈታዋለህ።»

ኦሪኤል መሪውን በጡጫው መታ። አራት ወር ሙሉ በጭንቅላቱ የሣለው ጉዞ ነው፤ አያቱን ከፊት አስቀምጦ፣ ጥሩምባ እየነፋ፣ የፋንትነሽ ደጃፍ ላይ ሲቆም። ፊቱ ቀላ። «ጎማው አርጅቶ ነው ያበጠው» አለ። «ቁልቁለቱን ወርጄ ነዳጅ ማደያው ድረስ ነድቼ እመለሳለሁ። ብቻዬን። ያኔ ሁላችሁም ዝም ትላላችሁ።»

ማርሹ ገባ። ሊታል ጂፑ ፊት ቆመች።

ማንም እንድትቆም አላላትም። የራዲያተሩ ሙቀት ሆዷ ላይ ነፋ፤ ኮፈኖው ደረቷ ድረስ ነው። ኦሪኤል ጥሩምባ ነፋ። ዘለለች፤ ቦታዋን ግን አልለቀቀችም። ደግሞ ነፋ። በረንዳ ላይ ሰው ወጣ። ቤኒ፣ «ሊታል፣ ዞር በዪ እንጂ!» አለ፤ በዚህ ጊዜ ድምፁ ቀልድ የለበትም።

በመስታወቱ በኩል የወንድሟን ዓይን አየችው። የተቆጣ ዓይን ነበር። ከቁጣው ኋላ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ እሷ ከጠዋት ጀምሮ ሆዷ ውስጥ ይዛ የዞረችው ያው ፍርሃት። እግሩ ፍሬኑ ላይ ነው። ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ምን እያለው እንደሆነ እሱ ያውቃል።

አንድ እጇን ከኮፈኖው ሳታነሣ በጎኑ ዞረችና መስኮቱ ጋ ደረሰች። «አብሬህ እፈታዋለሁ» አለች። «እያንዳንዱን። ከፈለግህ አታናግረኝ።»

ሞተሩ ያጓራል።

መዳፏን ዘረጋች።

«ሞተሩን አጥፋና ቁልፉን ስጠኝ።»

ኦሪኤል ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖረው።